ከምራትሽ አፍ አልወጣ ያለው ስም

ውድ እማዬ፣

ሰው ደብዳቤ ሲጽፍ መጀመሪያ ጤና ይጠይቃል። እኔ ያንቺን ጤና ልጠይቅ አልችልም። «የለሽም» ብዬ እንዳልጀምር ደግሞ፣ ባለፈው ዓመት ቤታችን ውስጥ ከሆነው ነገር በኋላ እጄ እምቢ አለኝ። ስለዚህ እንዲሁ ልጀምር። ከተለየሽን አንድ ክረምት አልፎ ሌላው ገባ። ሰኔ ላይ ጭጋጉ ከሌሞ ጋራ ወርዶ የጓሮውን እንሰት እስከ አንገቱ ሲሸፍነው ነበር የሄድሽው፤ ዘንድሮም ያው ጭጋግ፣ በዚያው ሰዓት፣ በዚያው እንሰት ላይ መጥቶ ቆሟል።

ከቤት ወሬ ልነሳ። በራችን ፊት ያለው መንገድ ኮብልስቶን ተነጥፎበታል። «ይሄ መንገድ እኔን ቀብሮ ነው የሚሠራው» ትዪ ነበር፤ እንዳልሽው ሆነ። ባጃጅ አሁን እስከ አጥራችን ድረስ ይገባል። አባባ ጥርስ አስተከለ፤ ሲስቅ የሌላ ሰው አባት ይመስላል። እኔ ተመርቄያለሁ። ጋውን ለብሼ የተነሳሁት ፎቶ ካንቺ ፎቶ አጠገብ ተሰቅሏል፤ ወንድሜ ማቴዎስ ባለፈ ባገደመ ቁጥር «እናትና ልጅ ግድግዳው ላይ ሆናችሁም ታፈጡብኛላችሁ» ይላል። የእንግሊዝኛ ዲግሪዬን ይዤ ቫካንሲ ከተለጠፈበት ቦርድ ሥር ስመላለስ ከረምኩ። ሲቪዬን ያልላክሁበት መሥሪያ ቤት የለም ብል ብዙም አልዋሸሁም። አልተከፋሁም ግን። እንደምታውቂኝ ነኝ፤ አንዱ በር ሲዘጋ ቀድሜ ሌላው ጋ ደርሼ አንኳኳለሁ።

ትልቁ ወሬ ይኸውልሽ፤ ማቴዎስና ሚስቱ ትዕግስት ሴት ልጅ ወለዱ። ፀጉሯ ከግንባሯ ጀምሮ የበቀለ፣ ስትቆጣ ከንፈሯን የምትነክስ። ገና በሆድ ሳለች ነው ስሟን የጨረስንላት። ደመቀች ልንላት ነበር፤ ያንቺን ስም። አባባም ማቴዎስም እኔም ትዕግስትም አንድ አፍ ነበርን። ከዚያ ማናችንም ያላሰብነው ነገር መጣ። ምራትሽ ስምሽን መጥራት አቃታት። ስምሽን ብቻ አይደለም፤ እንደ ስምሽ በ«ደ» የሚጀምረውን ቃል ሁሉ።

አሁን ከወዲያ ሆነሽ አንገትሽን ቀና ስታደርጊ ይታየኛል። ባሊሻን ላንቺ ማስረዳት ድፍረት ነው፤ ይህን ደብዳቤ ግን ሌላም ሰው ያነበው ይሆናልና ለእነሱ ስል ልጻፈው። በእናንተ በከምባታም በአባባ ወገን በሀዲያም፣ ያገባች ሴት የባሏን አባትና እናት ስም አትጠራም። ስሙን ብቻ ሳይሆን ስሙ በሚነሳበት ድምፅ የሚጀምር ቃል ሁሉ ከአፏ ይከለከላል። በምትኩ ወይ ከጎረቤት ቋንቋ ትበደራለች፣ ወይ ዙሪያ ጥምጥም ትሄዳለች፣ ወይ ራሷ ትፈጥራለች። አንቺ ከከምባታ፣ ከአንጋጫ ተድረሽ ሀዲያ ሌሞ ስትገቢ የአባባ አባት ስማቸው ላምቤቦ ነበር። በቃ፣ «ላ» ካንቺ ተወሰደ። በሁለቱም ቋንቋ ሁለት ማለት «ላሞ» ነው፤ ስለዚህ አንቺ ሁለት የሌለበት ቁጥር ቆጠርሽ። አንድ፣ ጓደኛው፣ ሦስት። ቆይተሽ አማርኛ ስትለምጂ ክልከላው አብሮሽ ተሻገረ። ላም «ወተቷ» ሆነች። «ላይ» የሚባል ነገር ጠፍቶ «አናት» ብቻ ቀረ፤ «ምሕረት፣ ከቁምሳጥኑ አናት ሰፌዱን አውርጂልኝ።»

እኔ የዓለም እናት ሁሉ እንደዚያ የምትናገር ይመስለኝ ነበር። አንደኛ ክፍል በሀዲይኛ ቁጥር ስንማር እጄን አውጥቼ «አንድ፣ ጓደኛው፣ ሦስት» ብዬ ስቆጥር ክፍሉ ፈረሰ። መምህሩ ግን አልሳቁም። «እናትሽ ከየት ነው የመጡት?» ብለው ጠየቁኝና፣ ስነግራቸው ቁጭ በይ አሉኝ፤ ከዚያ በኋላ ሲያገኙሽ ከወገባቸው ዝቅ ብለው ነበር ሰላም የሚሉሽ። አያታችን ከሞቱም በኋላ አልተውሽውም። የቤተክርስቲያን እህቶች «እህት ደመቀች፣ ጌታ ከዚህ ነፃ አውጥቶሽ የለ እንዴ?» ሲሉሽ፣ «እኔንማ አውጥቶኛል፣ ምላሴ ግን ገና አልሰማም» ትዪያቸው ነበር። ይስቁ ነበር። አንቺ ግን አትስቂም።

ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት ሆኜ ለእረፍት የመጣሁ ጊዜ ትዝ ይልሻል? ጎመን እየከተፍሽ ነበር፤ እኔ ከበርሜሉ ጥግ ቁጭ ብዬ፣ እንግሊዝኛ አዲስ ቃል የሚወልድባቸውን መንገዶች ስነግርሽ። የተለመዱትን ማንም ያውቃቸዋል፤ ቃል ከቃል ማጋባት፣ ከፊት ወይ ከኋላ ቅጥያ መቀጠል። እኔን ይዘው የጠፉት ያልተለመዱቱ ነበሩ። ከቁርስ ስም ፊቱን፣ ከምሳ ስም ኋላውን ቆርጠው ሰፍተው «ብራንች» እንዳሉ ስነግርሽ፣ ቢላዋሽን ሳታቆሚ «ቁርስና ምሳን አንድ ማድረግማ እኛም እናውቅበታለን፤ ስም ስላላወጣንለት ነው» አልሽኝ። «ኤዲት» ማረም ማለት ነው፣ «ኤዲተር» አራሚው፤ ሰው ሁሉ አራሚው ከማረም የመጣ ይመስለዋል፣ እውነቱ ግን አራሚው ቀድሞ ተወልዶ ማረም ከእሱ ተቆርጦ ወጣ ስልሽ፣ «ልጅ አባቱን ወለደ በይኛ፤ ለዚህ ነው ስንቅ የቋጠርኩልሽ?» አልሽ። ሽርጥን «አፕረን» ይሉታል፣ ድሮ «ናፕረን» ነበር፣ ከፊቱ ያለችው «ን» ሰው ሲናገር ተንሸራትታ ለጎረቤቷ ቃል ሄደች ብልሽ፣ «ጎረቤት የወሰደውን መቼ ይመልሳል» ብለሽ የከተፍሽውን ጎመን ወደ ድስቱ አራግፈሽ ሌላ ጀመርሽ።

መጨረሻ ላይ የድቡን ነገርኩሽ። በእንግሊዝኛ ድብ «ቤር» ይባላል። ቃሉ ሲፈታ «ቡናማው» እንደማለት ነው ይላሉ የቋንቋ ሰዎች። በጣም ድሮ አውሬው ትክክለኛ ስም ነበረው፤ ጫካ ውስጥ የሚኖሩት ሰዎች ስሙን ከጠሩት የሚመጣባቸው ስለመሰላቸው «ቡናማው» እያሉ ሸሹት። ሲሸሹት ሲሸሹት ስሙ ከእነሱ ቋንቋ ጠፋ። ልጆቻቸው የሚያውቁት ምትኩን ብቻ ሆነ።

ቢላዋሽ ያኔ ቆመ። «ፈረንጅም አማት አለው እንዴ?» አልሽ፤ ትስቂያለሽ ብዬ ስጠብቅ አልሳቅሽም። ከዚያ «የፊቱ ስምስ የት ሄደ?» ብለሽ ጠየቅሽኝ። ጠፋ አልኩሽ። «ስም አይጠፋም። ማንም ሳይጠራው አንድ ቦታ ቁጭ ብሎ ይጠብቃል» አልሽ፤ ዓይንሽ ከእኔ አልፎ ወደ ጓሮው በር ሄዶ። ዞሬ አየሁ። ማንም አልነበረም። ካንቺ ጋር ተቀምጬ ፈርቼ የማውቀው ያን ቀን ብቻ ነው።

ወደ ትዕግስት ልመለስ። እሷ የሱቅ ቤት ልጅ ናት፤ አያቶቿ ከጉራጌ አገር መጥተው ገበያው አፋፍ የከፈቱት ሱቅ ውስጥ አድጋ ከአማርኛ በቀር አፏን የፈታችበት ቋንቋ የለም። ሙሽራ ሆና የገባች ለት «አንቺ የከተማ ልጅ ነሽ፣ የኔ ቀንበር አይንካሽ» ብለሽ መርቀሻታል። እሷም «እማማ» ትልሽ ነበር፤ ስምሽን መጥራት አስፈልጓት አያውቅም። ስለዚህ ነገሩ መቼ እንደጀመራት ማናችንም አናውቅም። ምናልባት ከለቅሶው ማግስት ጀምሮ ነበር። ምናልባት እኔ ጆሮዬ በቃላት ስለተሳለ ነው የሰማሁት፤ ሌላው ሰው ዛሬም ሳይሰማ ያልፍ ነበር።

መጀመሪያ እንግዳ መጥቶ «ደህና ናችሁ?» ሲላት «ሰላም ነን» ትል ነበር። ማን ይጠረጥራል? ቀጥሎ በርበሬ ከተሰጣበት እያነሳች «ውሃው አልቆለታል» አለች፤ «ደርቋል» አላለችም። ለማቴዎስ «ስትወጣ በስልክ ጥራኝ» አለችው፤ ድሮ «ደውልልኝ» ነበር የምትለው። አንድ ከሰዓት በኋላ ልብስ አጥባ እያሰጣች ወደ ሰማይ አየችና «ምሕረት፣ ጥቁሩ መጣ፣ ልብሱን እናስገባ» አለችኝ። ጥቁሩ ስትል ሰው መስሎኝ ወደ አጥሩ ሮጥኩ። ሰማዩን ነበር የምታሳየኝ።

ከዚያ ሽንኩርት ስትልጥ ጣቷን ቆረጠች። ጣቷን ወደ ላይ ይዛ፣ ፊቷ ነጭ ሆኖ «ቀዩ! ቀዩ ወጣ!» እያለች ጮኸች። ጨርቅ አስሬላት ቁጭ አደረግኋትና «ደም ነው የምትዪው?» አልኳት። «አዎ» አለች። «እስቲ በዪው።» አየችኝ። አፏን ከፈተች። ምላሷ ከላይኛው ጥርሷ ኋላ ተለጠፈ፣ ጉሮሮዋ ተንቀሳቀሰ፣ ድምፅ ግን አልመጣም። ሳቀች። እንደገና ሞከረች። ሁለተኛው ላይ አልሳቀችም።

ጨዋታ አስመስዬ ልፈትናት ሞከርኩ። ደብተሬን አሳየኋት፤ «መጻፊያሽ» አለች። የቤተክርስቲያኑን ደወል ጠየቅኋት፤ «የሚጮኸው ብረት» አለች። «እየቀለድሽብኝ ነው፣ ማቴዎስ ነው ያስጠናሽ» አልኳት። እንባዋ መጣ። «ምሕረትዬ፣ እኔ እኮ እስካሁን አላወቅኩም ነበር። ቃሉ ሲመጣ አፌ ሌላ ይሰጠኛል። በግድ ልበለው ስል…» አለች። ከዚያ በሁለት ጣቷ የታች ከንፈሯን ነካች፤ «እዚህ ጋ፣ ሁለት ጣት ይጫነኛል። አያምም። ቀዝቃዛ ነው።»

እማዬ፣ እኛ ትንንሽ ሆነን አፋችን ሲባልግ ሁለት ጣትሽን ከታች ከንፈራችን ላይ አስቀምጠሽ ዝም ታሰኚን ነበር። አትመቺንም፣ አትቆጪንም። ትዕግስት ያን ጊዜ ገና አታውቀንም ነበር። ማቴዎስን ነግሯት እንደሆነ ጠየቅኩት፤ እኔ እስክነግረው ድረስ እሱ ራሱ ረስቶት ነበር።

ማቴዎስ መጀመሪያ ተናደደ። «እርጉዝ ሴት ናት፣ ይጨንቃታል፣ በቃ። አንቺ ነሽ በትምህርትሽ ያሳበድሻት። ሰው ቤቱ ውስጥ ሲናገር ቃል ይለቀምበታል እንዴ?» አለኝ። አባባ የተተከለ ጥርሱን በምላሱ እየነካ ወደ ጓሮ ወጣ፣ አንቺ የተከልሻቸው እንሰቶች መሀል ቆሞ ዋለ። መፋቅ ካለባቸው ቆይቷል፤ ማንም ሊነካቸው አልደፈረም። ንፋስ ሳይኖር ቅጠላቸው ሲንሻሻ ትዕግስት ትዞራለች፤ እኔ አልዞርም እላለሁ፣ ግን እዞራለሁ።

ልጅቷ ስትወለድ ነገሩ ከጨዋታ ወጣ። አዋላጇ «ስሟን ማን ልበል?» ስትል ትዕግስት ማቴዎስን አየችው፤ እሱ «ደመቀች» ብሎ መለሰላት። ከቤት ስንገባ ማቴዎስ «ስሟን እንቀይር፣ ሌላ ስም ሞልቷል» አለ። እኔ እምቢ አልኩ። ጮክ ብዬ እምቢ አልኩ። ዓይኔ ፊት የነበረው ድቡ ነው፤ ስሙ የጠፋው ድብ። በዚህ ቤት ዓመቱን ሙሉ ስምሽ ሲሸሽ አየሁ፤ ከስምሽ ጋር ደመናም፣ ደወልም፣ ደህናም ሲሸሹ አየሁ። ልጅቷም ካልያዘችው ማን ይይዘዋል? ነገ ልጆቻችን አንቺን በምን ይጠሩሻል? «እሷ» ብለው?

ትዕግስት አራስ አልጋዋ ላይ ሆና ሁለታችንንም ሰማችን። «እኔ አልፈልግም ያልኩ መሰላችሁ? እኔ እናቴ በልጅነቴ የሞተችብኝ ሰው ነኝ፤ የልጅ እናት ነሽ ብላ ገላዬን ያጠበችኝ እማማ ነበረች፣ የመጀመሪያው ፅንስ የወረደብኝ ጊዜ» አለች። ያን ነገር በቤታችን ጮክ ብሎ ያነሳው ሰው አልነበረም። ቀጠለች፤ «ስሟን እወደዋለሁ። ግን ልጄ ገበያ መሀል ብትጠፋብኝ ምን ብዬ ልጣራ? ጉድጓድ አፋፍ ብትጠጋ ምን ብዬ ልጩህ? የራሴን ልጅ ጎረቤት ይጥራልኝ?» ማቴዎስ ጭንቅላቱን ያዘ።  ስምሽን ለማዳን እሷን ዲዳ ላደርግ ነበር፤ እሷን ለማስተንፈስ ስምሽን ልጥል ነበር። መሀል አልነበረውም።

አባባ ያን ቀን ማታ ነው፣ «ቅዳሜ ሽማግሌዎች ለጸሎት ይመጣሉ፤ እስከዚያ ወስኑ» ያለን። 

በማግስቱ አክስቴ አበበች፣ ታላቅ እህትሽ፣ ከአንጋጫ ቡላ ይዛ መጣች። የቡላ ገንፎ እያገነፋች ሁሉንም ነገርኳት። አልሳቀችም፣ በስመአብም አላለችም። ትዕግስት አልጋ ጫፍ ሄዳ ቁጭ አለችና «የኔ ልጅ፣ ሲጫንሽ ትፈሪያለሽ ወይስ ያሳዝንሻል?» ብላ ጠየቀቻት። ትዕግስት አሰበች፤ «ያሳዝነኛል» አለች። አክስቴ ራሷን ነቀነቀች። «እህቴ ተቆጥታ አይደለም። ያን የሷን ቋንቋ ዕድሜዋን ሙሉ ብቻዋን ተናገረችው። የሚስቅባት እንጂ የሚመልስላት አላገኘችም። አሁን አነጋጋሪ ፈልጋ ነው።» «ታዲያ በምን ይለቀኛል?» አለች ትዕግስት። «እኔ ምን አውቃለሁ። ያሰረ ይፈታል» አለችና ገንፎዋን ማማሰል ቀጠለች። እኔ ዲግሪ ይዤ እዚያ ቆምኩ። ለዚህ የሚሆን ምዕራፍ አልተማርኩም።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ቤቱ ሞላ። የቤተክርስቲያን ሽማግሌዎች ወንበሩን ያዙ፣ ጎረቤቱ ግድግዳውን ተደገፈ። ውጭ ዝናብ የለም፣ ንፋስም የለም፣ ጭጋጉ ብቻ በመስኮቱ ልክ ቆሟል። እኛ አልወሰንንም ነበር፤ እስከመጨረሻው ድረስ እኔና ማቴዎስ ኩሽና ውስጥ በሹክሹክታ ስንከራከር ነው የተጠራነው። ማቴዎስ ሌላ ስም ሊናገር አፉን አዘጋጅቷል። እኔ እሱ ከተናገረ ጮክ ብዬ «ደመቀች!» ልል ተዘጋጅቻለሁ፤ በጸሎት መሀል ይሁን፣ በሰው ፊት ይሁን ግድ አልነበረኝም። ጸሎቱን የሚመሩት ሽማግሌ ይሄንን አያውቁም። ፈገግ ብለው «ዘጠኝ ወር የተሸከመችው እናቷ ናትና ስሟን እናቷ ትንገረን» አሉ።

 ትዕግስት ልጅቷን ታቅፋ ቆመች። አፏን ከፈተች። ምላሷ ከጥርሷ ኋላ ሲለጠፍ አየሁት፣ ያቺን የማውቃትን ነገር። የታች ከንፈሯ ትንሽ ወደ ውስጥ ገባ፤ አንድ የሚጫን ነገር እንዳለበት። ሽማግሌው ዓይን አፋርነት መስሏቸው «አይዞሽ ልጄ» አሉ። አባባ ከወንበሩ ብድግ አለ። ከዚያ የትዕግስት ከንፈር ሲመለስ አየሁ። ማንም ሳይነካው፣ የተጫነው እንደተነሳለት፣ ቀስ ብሎ ወደ ቦታው ተመለሰ። እሷም ልጅቷን ቁልቁል እያየች፣ በተራ ድምፅ፣ ሁልጊዜ ስትጠራው እንደኖረች፣

«መቄ» አለች።

«ማን አልሽ ልጄ?» አሉ ሽማግሌው። «መቄ ነው ስሟ» አለች።

ከኋላዬ ሳህን ሲወድቅ ሰማሁ። አክስቴ አበበች ናት። «ማን ነገረሽ?» አለች፤ ድምፅዋ የአክስቴ አልመስል አለኝ። ትዕግስት «ማንም፤ እንዲሁ መጣልኝ» አለች። አክስቴ ግድግዳውን ይዛ ተቀመጠች። «እህቴ ገና ሁለት ዓመት ያልሞላት ጊዜ» አለች፣ «ስምሽ ማነው ስንላት ደመቀች ማለት አይሆንላትም ነበር። መቄ ትለን ነበር። እናታችንና እኔ ብቻ ነበርን እንደዚያ የምንጠራት። ጡት ስትጥል ተወችው። እኔ ራሴ እስከዛሬ ረስቼው ነበር።» አባባን አየሁት። ዕድሜውን ሙሉ ካንቺ ጋር ኖሮ ያን ስም አልሰማውም።

እውነቱን ልንገርሽ፣ የተማረው አእምሮዬ ወዲያው መልስ ይዞ ሮጠ። ጉንፋን መሰል በሽታ አለ፣ «ኢንፍሉዌንዛ» የሚባል፤ እንግሊዞች ፊቱንም ኋላውንም ቆርጠው መሀሉን ብቻ «ፍሉ» ብለው አስቀሩት። ቃል ሁለቱም ጫፉ ተቆርጦ መሀሉ ሲተርፍ ብርቅ ነው፣ ግን ያለ ነው። ስምሽም እንዲያ ሆነ፤ የተከለከለው ፊቱ ወደቀ፣ ጭራው ወደቀ፣ ምራትሽ ልትለው የምትችለው መሀሉ ተረፈ። ሁለት ዓመት ያልሞላት ሕፃንም፣ አፏ የታሰረ እናትም ቢቆርጡት እዚያው ይደርሳሉ። እንዲህ ብዬ ራሴን አስረዳሁ፤ በደንብ አስረዳሁ። ከዚያ ቤቱ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ፣ ሽማግሌዎቹም ሳይቀሩ፣ አንድ ላይ ወደ ጓሮው በር ዞሮ አየ። የገባ ሰው አልነበረም። ለምን እንደዞርን እስካሁን አንድም ሰው አንስቶት አያውቅም።

ጸሎቱ ተደረገ። በልደት ምዝገባ ወረቀቱ ላይ ማቴዎስ በራሱ እጅ «ደመቀች ማቴዎስ» ብሎ አስጻፈ፤ ማንም አልነገረውም። ቤት ውስጥ መቄ ናት። ትዕግስት ስትጣራ ድምፅዋ እስከ ኮብልስቶኑ ይሰማል፤ የጎረቤት ልጆች ሁሉ ተምረውታል። ደምን ግን እስከዛሬ «ቀዩ» ነው የምትለው። ደመናም «ጥቁሩ» እንደሆነ ነው። ቅድም ሰማሁ፣ ማቴዎስ ራሱ ከመስኮት ብቅ ብሎ «ጥቁሩ እየመጣ ነው፣ ልብስ አስገቡ» ሲል። ምን እንዳለ አላወቀም፤ እኔም አልነገርኩትም። ከእንግዲህ ቃል አልለቅምባቸውም። የሚያነጋግርሽ አግኝተሽ ከሆነ አውሪ።

እኔ መስከረም ላይ ሆመቾ ልሄድ ነው። ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት እንግሊዝኛ እንዳስተምር ተቀጠርኩ። አላልኩሽም፣ አንኳኳለሁ ብዬ? ፈርቻለሁ፣ ደግሞ እግሬ አላስቆም ብሎኛል። ብቻዬን የምኖርበት አንዲት ክፍል ተከራይቻለሁ፤ መስኮቷ የሰው ማሳ ነው የሚያየው። እዚያ ስምሽን በልቡ የያዘ ሰው የለም፤ የማያውቅሽ አገር ነው። ስለዚህ ቃል እገባልሻለሁ። ቤት ያሉት ስምሽን በቁራጩ ይዘውልሻል፤ ሙሉውን የምይዘው እኔ ነኝ። እኔ ምራትሽ አይደለሁም፣ ልጅሽ ነኝ፤ ማንም አልከለከለኝም። ከሥራ ስመለስ፣ በሬን ከፍቼ ከመግባቴ በፊት፣ ማንም ይስማ አይስማ፣ ከፊቱ እስከ ኋላው ሳልቆርጥ እጠራዋለሁ። ደመቀች። በየቀኑ። እንዳይጠፋ፣ አንድ ቦታ ብቻውን ቁጭ ብሎ እንዳይጠብቅ።

አንድ ቀን ደግሞ ከውስጥ «ወዬ» ብትዪኝ፣ አልሮጥም።

ልጅሽ ምሕረት
ሆሳዕና